ልቤ የቆመበት እሑድ እና ከፍዬ የማልጨርሰው ዕዳ

ነገሩ የሆነው የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ላይ ነው። ሲያትል፣ ጥቅምት ወር፣ እሑድ ከሰዓት። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ ሃምሳ የሚሆን ሰው። ክትፎው አልቆ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። እኔ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ጥግ ይዤ ስለ ቤት ብድር ወለድ እያወራሁ ነበር አሉ። "አሉ" የምለው ስለማላስታውስ ነው። የመጨረሻ ትዝታዬ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ መዞሬ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የምጽፈው ሰዎች ከነገሩኝ ተነስቼ ነው።

ከወንበሬ ተንሸራትቼ ወደቅሁ። ቀጥሎ የሆነውን አበሻ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ሳይነገረው ያውቀዋል። አንዱ "ውሃ አምጡ!" አለ። ሌላው ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋ። አንዲት እናት በስመ አብ ብለው የአንገታቸውን መስቀል ግንባሬ ላይ አደረጉ። አንድ የተማረ ሰው፣ እንደኔው ማስተርስ ያለው፣ "የሚጥል በሽታ ነው፣ አትንኩት፣ ይለቀዋል" ብሎ ሰዉን ገፋ ገፋ አደረገ። እኔ ደግሞ እንደሚያንኮራፋ ሰው አልፎ አልፎ ድምፅ አወጣ ስለነበር "ይተነፍሳል፣ ይተነፍሳል" ተባለ።

እየተነፈስኩ አልነበረም። ልብ በድንገት ሲቆም ለጥቂት ደቂቃ እንዲህ ያለ ማንኮራፋት የሚመስል ማቃተት ይመጣል። ብዙ ሰው በዚህ ተታሎ ዝም ብሎ እያየ ነው ወገኑን የሚያጣው። አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝልኝ፤ ሰው ወድቆ ስትጠራው ካልመለሰ፣ ትንፋሹም እንደ ደንቡ ካልሆነ፣ ልቡ ቆሟል ብለህ ጀምር።

የጀመሩት ወጥ ቤት ዕቃ ሲያጥቡ የነበሩ ሴት ናቸው። ሁላችንም "እትዬ" ነው የምንላቸው፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ናቸው። እዚህ ዋሽንግተን ስቴት የእኛ ሰዎች በብዛት ከሚሠሩባቸው የአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች በአንዱ ሌሊት ሌሊት ይሠራሉ። ሥራው የሲፒአር ሰርተፍኬት ግድ ይላል፣ በየጊዜው ይታደሳል። እጃቸው በሳሙና እንደረጠበ መጥተው "ዞር በሉ! ክብሪቱን አጥፋው አንተ!" አሉ። ስልኩን አስደውለው ድምፁን አስከፍተው መሬት አስቀመጡት። በሀበሻ ቀሚሳቸው ተንበርክከው ደረቴን መጫን ጀመሩ። አንዷ "ኧረ አጥንቱን ሰበሩት!" ብላ ስትጮህ "አጥንት ይጠገናል!" አሏት ይባላል። እውነትም ሁለት ጎድን ተሰብሮ ነበር፤ እውነትም ተጠገነ።

የእሳት አደጋ ሰዎች በስድስት ደቂቃ ደረሱ። ሁለት ጊዜ በኤሌክትሪክ መቱኝ። በሁለተኛው ልቤ ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ልናገር፣ አለበለዚያ የቀረው ውሸት ይሆንብኛል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እዚሁ ከተማ የባለሙያዎች ማኅበር ስናቋቁም መተዳደሪያ ደንቡን ካረቀቁት አንዱ ነበርኩ። "አባል ለመሆን ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ" የምትለዋ አንቀጽ የእኔ እጅ ሥራ ናት። እትዬ የመመዝገቢያውን ፎርም ጠይቀው ነበር። በትሕትና፣ በፈገግታ፣ "ይሄኛው ለየት ያለ ነው፣ ለእርስዎ የሚሆን ሌላ ፕሮግራም እናዘጋጃለን" ብዬ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ያ ሌላ ፕሮግራም እስከ ዛሬ አልተዘጋጀም። እና ያን ዕለት ቤቱ ውስጥ ሁለት ፒኤችዲ፣ አራት አምስት ኢንጂነር፣ አንድ ፋርማሲስት ነበረ። ያዳኑኝ ዲግሪ የላቸውም ብዬ የመለስኳቸው ሴት ናቸው።

ሆስፒታል በሦስተኛው ቀን ነቃሁ። ሐኪሟ ያለችኝ በአጭሩ ይህ ነው። የልቤ ጡንቻ ከትውልድ የመጣ ውፍረት አለው፤ ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ይሉታል። ከ500 ሰው አንዱ ገደማ እንዳለበት ይገመታል፣ አብዛኛውም ሳያውቀው ዕድሜውን ይጨርሳል። አንዳንዱ ላይ ግን የልብ ኤሌክትሪክ ድንገት ይዘበራረቃል፤ ልብ መምታቱን ትቶ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል፣ ደም አይረጭም። ሰው "ሃርት አታክ ያዘው" ብሎ ከሌላው ጋር ያምታታዋል። ሃርት አታክ የቧንቧ ችግር ነው፣ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ሥር ይዘጋል፤ ሰውየው ብዙ ጊዜ እየተናገረ፣ እያላበው ሆስፒታል ይደርሳል። የእኔው የመብራት ችግር ነው፣ ቆጣሪው ጠፋ ማለት ነው። ቆጣሪውን የሚመልሰው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ደሙን በእጅ መግፋት ያስፈልጋል። ምንም ሳይደረግ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ስድስት ደቂቃን በዚህ አባዙት።

ምልክት አልነበረም ልል አልችልም። ተራራ ስወጣ ራሴን ያዞረኝ ነበር። አንድ ክሊኒክ ሄጄ "ሥራ በዝቶብህ ነው፣ ቡና ቀንስ" ተብዬ ተመለስኩ። ሌሊት ኦን ኮል የሚያድር ሶፍትዌር ኢንጂነር ስለሆንኩ መልሱ ልክ መሰለኝ፣ አልጠየቅሁም። የባሰው ደግሞ፣ ሐኪሟ "ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ?" ስትለኝ "የለም" ብዬ ነበር። ማታ ላይ ትዝ አለኝ። የአባቴ ወንድም ደሴ ላይ ኳስ ሲጫወት ወድቆ በ34 ዓመቱ አርፏል። እኛ ቤት ሲነገር "ምች መታው" ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ምች መታው። በማግስቱ ለሐኪሟ ስነግራት ብዕሯን አስቀምጣ "እህት ወንድም አለህ? ልጅ አለህ?" አለችኝ። ሁለቱም አሉኝ። በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ሃምሳ በመቶ ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሲያትል መውደቄ ዕድል እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እዚህ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 ዶክተር ሌናርድ ኮብ ከእሳት አደጋ ኃላፊው ከጎርደን ቪከሪ ጋር ሆነው ሜዲክ ዋን የሚባለውን ጀመሩ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የልብ ድንገተኛ ሕክምና አስተምረው መንገድ ላይ ማውጣት። ብዙም ሳይቆዩ አምቡላንስ ቢፈጥንም በቦታው ያለ ሰው ካልጀመረ ዋጋ እንደሌለው ስላዩ ተራውን ነዋሪ በሺዎች ማሠልጠን ያዙ። በ1980ዎቹ ደግሞ 911 የሚያነሳው ሰው በስልክ እየቆጠረ ሲፒአር የሚያሠራበት ዘዴ እዚሁ ኪንግ ካውንቲ ተስፋፋ። እትዬ የሠሩት ለሃምሳ ዓመት የተዘረጋ መስመር ጫፍ ላይ ነው። መስመሩ በሌለበት ከተማ ብወድቅ፣ እትዬ ቢኖሩም፣ ኤሌክትሪኩ አይደርስልኝም ነበር።

የኳስ ሰው ሁሉ ኤሪክሰንን ያስታውሳል። ጁን 12 ቀን 2021፣ ኮፐንሃገን፣ ዴንማርክ ከፊንላንድ። ሜዳ ላይ ወደቀ፣ ቡድኑ ከቦ ጋረደው፣ ሜዳው ላይ ልቡ ተመለሰ። በስምንት ወሩ ደረቱ ውስጥ መሣሪያ ተቀብሮለት ለብሬንትፎርድ ተሰለፈ። እኔም ዛሬ ያቺው ዓይነት መሣሪያ ከግራ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ ቆዳዬ ሥር አለች። የአሜሪካ ፉትቦል የሚከታተል ደግሞ ዳማር ሃምሊንን ያውቃል። ጃንዋሪ 2 ቀን 2023 ሲወድቅ ቀድሞ ለልጆች መጫወቻ መግዣ 2,500 ዶላር ለማሰባሰብ የከፈተው የጎፈንድሚ ገጽ ነበረው። ሰው ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ እዚያ ገጽ ላይ መስጠት ጀመረ፤ ከ9 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ሆስፒታል ተኝቼ ይህን ሳነብ "እኔም ከተነሳሁ..." ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሁሉም የተረፈ ሰው ይገባል መሰለኝ። ችግሩ እኔ ዳማር ሃምሊን አለመሆኔ ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ከሸፈ። ጎፈንድሚ ከፈትኩ፣ የሆስፒታል ፎቶዬን ለጠፍኩ፣ "በኢትዮጵያ ለልብ ሕክምና" ብዬ ጻፍኩ። በስድስት ሳምንት 1,900 ዶላር። ግማሹን የሰጡት የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። የእኛ ሰው ለምን አልሰጠም ብዬ ተቀየምኩ። አንድ ታክሲ የሚነዱ ጋሼ በቀጥታ ነገሩኝ፣ "ልጄ፣ 'ለልብ ሕክምና' ማለት ምን ማለት ነው? ለማን ነው? ማን ይቀበላል? ባለፈው የሰጠነው ማሽን የት ደረሰ?"

ያን ማሽን እኔም አውቀዋለሁ። አንድ ማኅበር ከጥቂት ዓመታት በፊት ያገለገለ አልትራሳውንድ ገዝቶ ልኮ ነበር፣ እኔም 200 ዶላር ሰጥቻለሁ። ጉምሩክ ለወራት ቆየ። ሲወጣ የልብ መመርመሪያ ጫፉ አብሮ አልተላከም። ሲመረቅ የተነሳው ፎቶ ግን ያምራል። እኔ በሙያዬ ሶፍትዌር ጽፈው፣ ለቀው፣ ማን ይጠግነዋል የሚለውን ሳያስቡ ወደ ሌላ ቡድን የሚዛወሩ ሰዎችን አውቃለሁ፤ በጎ አድራጎታችን እነሱን ይመስላል።

በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ ስሄድ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለውን የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ላይ ሄድኩ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1989 በሕፃናት የልብ ሐኪሙ በዶክተር በላይ አበጋዝ የተጀመረ ነው። ያኔ አገር ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሠራበት ቦታ ስላልነበረ ልጆቹ ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። ማዕከሉ በ2009 ተከፈተ። ብዙ ዘመን ከውጭ እየተመላለሱ በሚመጡ የሐኪም ቡድኖች ሠራ፤ አሁን የእኛው ቀዶ ሐኪሞችም ራሳቸው ይሠራሉ። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ግን በሺዎች ናቸው።

ኮሪደሩ ላይ ከአርሲ የመጣች እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጇ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሰባት ትመስላለች። ከንፈሯ ጠቆር ብሎ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ታርፋለች። እናትየዋ እኔን ዶክተር መስያት "ወረፋው ስንተኛ ላይ ደረሰ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ልቤ የቆመ እኔ በስድስት ደቂቃ ኤሌክትሪክ አገኘሁ፤ የዚህች ልጅ ልብ እየደከመ ያለው ዓመታት ፈጅቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው።

የእኔ በሽታ በዘር የመጣ ነው፣ ማንም አያስቀረውም። የእሷ ዓይነቱ ግን ብዙ ጊዜ ከጉሮሮ ይጀምራል። ልጅ ጉሮሮውን ይታመማል፣ እኛ ቶንሲል የምንለው። አንዱ የባክቴሪያ ዓይነት በፔኒሲሊን ካልታከመ ሰውነት በራሱ ላይ ይነሳና መገጣጠሚያን አሳብጦ የልብን በር ያቆስላል። ሲደጋገም በሩ ይጠነክራል ወይ አልዘጋ ይላል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። እኛ ዘንድ ጉሮሮ ሲታመም ስንቱ ልጅ እንጥሉን ተቆረጠ? እኔ ራሴ ተቆርጫለሁ፣ የሚገርም አይደለም፤ የኔ ዘመን የደሴ ልጅ ብዙው ተቆርጧል። አንዴ የያዘውን ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እየወጉ ለዓመታት ከመባባስ መጠበቅ ይቻላል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ አሮጌ ነው፣ ማንም በስሙ ሪባን አይቆርጥም።

ቀዶ ሕክምናውም ቢሆን የሚቆመው በትልቁ ማሽን እጦት ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ተጠቅመው በሚጥሉት ዕቃ ነው፣ ልቡ ሲከፈት ደሙን ኦክስጅን የሚያጠጣው ማጣሪያ፣ ሰው ሠራሽ የልብ በር፣ ልዩ ክር። ሁሉም በዶላር ይገዛል። ዶላር ደግሞ እኛ ጋ ነው ያለው።

ሲያትል ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት እትዬ ቤት ነው። ስለ ማኅበሩ ደንብ ይቅርታ ጠየቅሁ። "የቱ ደንብ?" አሉኝ። ረስተውት ይሁን ወይ ሊያድኑኝ ለሁለተኛ ጊዜ፣ አላውቅም። "ይልቅ ያን ቀን ክብሪት የጫረው ልጅ ነው የሚያሳስበኝ። ነገ ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ላይ ይጭራል" አሉ። ሁለተኛው ዝግጅት የተወለደው ከዚህ ነው። የወደቅሁበት ቀን በዞረ በሁለተኛው ዓመት አዳራሽ ተከራየን። መግቢያው 40 ዶላር፣ ሲበላም ሲማርም። በር ላይ አሻንጉሊቶቹ መሬት ተደርድረዋል፣ ደረት ሳይጫን እንጀራ የለም። እትዬ ከአንድ ፈቃድ ካለው አሠልጣኝ ጋር በአማርኛ አስተማሩ፤ የደረት መሃል፣ ክንድ ቀጥ፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ጋቢ የለበሱ የሰማንያ ዓመት አዛውንት እያላባቸው ሲቆጥሩ አይቻለሁ። ከዚያ ጨረታ። አንድ ድፎ ዳቦ 1,100 ዶላር ወጣ፣ የገዛው ሰውዬ "ለእናንተው" ብሎ መልሶ ለጨረታ አቀረበው፣ እንደገና 700 ወጣ። ፈረንጅ ባልደረባዬ ዳቦው ውስጥ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ።

ከዳቦው ይበልጥ ግን ገንዘብ ያመጣው አሰልቺ ነገር ነው። አንደኛ፣ በወር 25 ዶላር በራሱ ከባንክ የሚቆረጥ። ሰው በአንድ ምሽት ስሜት 300 ከሚሰጥ በወር 25 ቢሰጥ ይሻላል፣ ምክንያቱም ልጆቹ የሚታመሙት ጨረታ በሚደረግበት ሳምንት ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ ብዙዎቻችን የምንሠራባቸው ኩባንያዎች ሠራተኛው ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠውን ያህል እነሱም ይጨምራሉ። በአሜሪካ ሕግ 501 ሲ 3 የሚባለው ምዝገባ ያለው ድርጅት መሆን አለበት፤ በግል ጎፈንድሚና በዜል የሚላክ አይቆጠርም። አዳራሹ ውስጥ "ኩባንያህ ማቺንግ አለው?" ብዬ ከጠየቅኋቸው ሃያ ምናምን ኢንጂነሮች የተጠቀመበት ሦስት ብቻ ነው። በዓመት ስንት ሺህ ዶላር ጠረጴዛ ላይ ትተን እንደምንነሳ ሳስበው ያበሳጨኛል።

ሂሳቡን ማንም ሊያየው በሚችል ሠንጠረዥ ላይ አወጣሁት፣ እያንዳንዱ ደረሰኝ በፎቶ። ሁለት ሽማግሌዎች ተቀየሙ፣ "አታምነንም ወይ?" ብለው። አምናቸዋለሁ። እኔ ራሴ የጻፍኩትን ኮድ እንኳ ሌላ ሰው ሳያየው አይለቀቅም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ፣ አልተዋጠላቸውም። አንደኛው እስካሁን ሰላምታዬን በግማሽ ነው የሚመልሱት። በዚያ ዓመት ከነማቺንጉ 31,000 ዶላር ሆነ። "አገር በጦርነትና በረሃብ ላይ እያለ የልብ ቀዶ ሕክምና ቅንጦት ነው" የሚል ተቃውሞም መጥቷል። ከፊሉ ልክ ነው፤ ለዚህ ነው ከሚሰበሰበው ከፊሉ የግድ ለፔኒሲሊኑና ለክትትሉ ይሁን ብዬ የምከራከረው። ግን ከአርሲ የመጣችውን ልጅ አይቼ ቅንጦት ነሽ ለማለት አቅም የለኝም። ማኅበሩ ደግሞ የዲግሪዋን አንቀጽ ባለፈው ጉባኤ ሰረዘ፣ በሁለት ድምፅ ልዩነት። ሁለት! በየዓመቱ ጁላይ በሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በዓል ላይ አንድ የሲፒአር ድንኳን ለመትከል አሁን እየተነጋገርን ነው፤ ከ1984 ጀምሮ ያን ያህል ሕዝብ፣ ያን ያህል የአርባ ዓመት ኳስ ተጫዋች የሚሰበሰብበት ሌላ ቦታ የለንም።

ይህን ሁሉ ስሠራ ግን አንድ ነገር ሸሽቼ ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም። "ደም ግፊቷ ይነሳል" በሚል የታወቀ ሰበብ። ደሴ ላለው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነግሬው ኢኮ ታይ አልኩት፣ ገንዘብም ላክሁ። "እኔ ምንም የለብኝም፣ በሳምንት ሁለቴ ኳስ እጫወታለሁ" አለኝ። አጎታችንም ኳስ ይጫወት ነበር። አንድ ዓመት ከአምስት ወር ለመንኩት። ለማያውቃቸው ልጆች 31,000 ዶላር የሰበሰበ ሰው የገዛ ወንድሙን ለአንድ ኢኮ ማሳመን አቃተው።

በመጨረሻ ለእናቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ክርስትናውን፣ እትዬን፣ ደረቴ ውስጥ ያለውን። ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "እማዬ? አለሽ?" አልኳት።

"አለሁ" አለች። "ያ ምች እንግዲህ ይሄ ነበር?"

"ይመስለኛል።"

"ታዲያ ወንድምህስ?"

አልሄድም ማለቱን ነገርኳት። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሌሊት፣ ጉልበቷ እያመማት፣ አብራው አውቶቡስ ተሳፍራ አዲስ አበባ አስገባችው። ከሰዓት በኋላ በቴሌግራም ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። የልብ ግድግዳ ውፍረት 11 ሚሊ ሜትር። የእኔ 22 ነበር። ደህና ነው፣ ግን የቤተሰብ ታሪክ ስላለ በሦስት ዓመት ተመልሰህ ታይ ብለውታል። እናቴ ቀኑን ግድግዳ ላይ ካለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ጀርባ ጽፋዋለች። የልጄ ቀጠሮ ደግሞ መጋቢት ላይ ነው፤ አራት ዓመቷ ነው፣ ጄሉ ይቀዘቅዛል ወይ ብላ ጠይቃኛለች።